ደረቁ ካርቶን

ጥቅምት 22 ቀን

ለልጄ ለብሎኔ፣

ሰላምታውን እናትህ ብትሆን ግማሽ ገጽ ታስኬደው ነበር፤ የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የድመቷን ሳይቀር። እኔ ባጭሩ ነኝ። እንዴት ከረምህ? እኔን ከጠየቅህ ድንጋይ ነኝ። ድንጋይ ደግሞ አያመውም።

ፊደሉ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ ታገሠኝ። በሃምሳ ዓመቴ እናትህ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስተማረችኝ ነው። እስከ ዛሬ እኔ ስናገር እሷ ስትጽፍ ኖርን። አሁን ተናጋሪውም ጸሐፊውም እኔው ሆንኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «አባባ፣ እኔ ልጻፍልዎት» ብላኝ ነበር። ሰው ለልጁ የሚለውን በሰው አፍ አይልም ብዬ መለስኳት። ትንሽ አኮረፈች። ኋላ ግን ብዕሩን ያዋሰችኝ እሷ ናት።

«እናቴ ማረፏን ለምን በአሥራ አንደኛው ቀን አስነገርከኝ?» ብለሃል። በዕለቱ ባስነግርህ ሮጠህ አውቶቡስ ላይ ትወጣለህ። መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ መቃብር አይጠብቅም። ባዶ አፈር ለማየት ከምትንከራተት ብዬ ነው። ይቅርታ ከሆነ የፈለግኸው፣ ይኸው፦ ይቅርታ። ሁለተኛ አልጽፈውም፤ ሆሄው ይበዛብኛል።

ያረፈችው ሐኪም ቤት ነው ወይስ መንገድ ላይ ላልከው፣ መንገድ ላይ ነው። ሰው ነግሮህ ከሆነ አልዋሸህም። ወደ ሕክምናዋ ስወስዳት አሮጊቷ ፒክአፓችን ዳገት ላይ ቆመች። መኪና ይቆማል። ቀኗ ነበር።

«የላክሁልህ የዘይት መድኃኒት ነው ወይ ያቆማት?» የሚለውን ሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ። አሁን እጄ ዝሏል።

ለመምጣት ብለህ ፈቃድ እንዳትጠይቅ። መጥተህስ ምን ታደርጋለህ? ሁለት ወንድ አንድ ቤት ውስጥ ተፋጦ መቀመጥ ነው።

አባትህ


ኅዳር 14 ቀን

ብሎኔ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ይዞልኝ የመጣው ያ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰፈራችን ሲገባ መለከቱን ስለማያቆም ሁሉም ጡሩንባው የሚለው። አስቤዛ አምጥቶ እንደሆነ ብዬ ስወጣ ፖስታህን በመስኮት ወረወረልኝ። እኔ ያው ነኝ፤ ድንጋዩ።

ሦስት ገጽ ጽፈህ ሦስቱም ገጽ ስለዚያች ጠርሙስ ነው። መጠኗን ጠብቀህ ነው ወይ ያፈሰስካት? ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይ? አንድ ናት ወይስ ሁለት ጨመርክ? ቀለበቷ ፈንድታ ይሆን? ልጄ፣ እንደ መርማሪ አታፋጠኝ። አንድ ናት። ሞቆ ነበር። እስከ ታች አፍስሼ ጠርሙሷን ገልብጬ አንጠፍጥፌያታለሁ።

ካልተውከኝ ግን ልንገርህ። መድኃኒትህ ጥሩ አልነበረችም። ከሞተሩ ኋላ ያረጀችውን የጎማ ቀለበት ታለሰልሳለች፣ ታሳብጣለች፣ ዘይት ማንጠባጠቧን ታቆማለች ብለህ ላክሃት። ጎማ የሚያሳብጥ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ የተማርከው አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው ይህችን መኪና አርባ ዓመት መንዳቴን ነው። ከሰው አገር ጠርሙስ ሳይገባባት በፊት ዳገት ላይ ቆማብኝ አታውቅም።

እንግዲህ ጠየቅህ፣ መለስኩ። ሁለተኛ አታንሳብኝ።

ስለ ምግብ ላልከው እበላለሁ። የእናትህን ድስት አሳርሬው ነበር፤ በአሸዋ ፈትጌ አነጣሁት። ሹራቧን ለማን ሰጠህ ላልከው ለማንም አልሰጠሁም፤ በሩ ኋላ ላይ ተሰቅሏል።

አባትህ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ለብሎኔ፣

ብርዱ በዚያ አገር እንዴት ነው? እዚህ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት የጋራዥ በር ይመስል ይንጫጫል። ያም ሆኖ ድንጋይ ነኝ።

የላክህልኝን የድሮ ደብዳቤ ግልባጭ አየሁት። በነሐሴ መጨረሻ ከዚህ የተላከልህ ነው። «መኪናዋ ድናለች። እናትህም ተሽሏታል። አትምጣ» ይላል። «ጽሑፉ የእናቴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ካልተሻላት ለምን ተሽሏታል ብላ ጻፈች? በወሩስ እንዴት ሞተች?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

የጻፈችው ተሽሏት ስለነበረ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ሌሊት ማቃሰቷን ትታ ነበር። ሰው ሲያመው ያቃስታል፣ ሲሻለው ዝም ይላል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ደግሞ ስለ ካርቶኑ ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ። ማታ መኪናዋን አቁሜ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አስገባለሁ። ጠዋት አወጣውና ጠብታውን አነባለሁ። ብዙ ካንጠባጠበች ብዙ ዘይት እጨምርላታለሁ፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ። ፊደል ሳልቆጥር በፊት እንኳ ካርቶን አነብ ነበር። እናትህ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትስቅብኝ ነበር። «ጣውንቴ ዛሬስ እንዴት አደረች? አስነጠሳት?» ትለኛለች። «ጠዋት እኔን እንዴት አደርሽ ሳትል መኪናዋን ትጠይቃለህ» ማለቷ ነው። ነገሩ እውነት ነበረው። «አንቺ አፍ አለሽ፣ እሷ የላትም» እላት ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ናት። አመመኝ ለማለት ማን ይከለክላታል?

ይህን ሳነሳ ደከመኝ። ስለ እሷ ሌላ አትጠይቀኝ።

አባትህ


ጥር 25 ቀን

አንተ ልጅ፣

ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍክም። ጡሩንባውን ልጄ ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቀው መሪውን ይዞ ዝም አለ። እንደ እሱ ያለ ለፍላፊ ዝም ሲል ያስፈራል። ሞተሩን እንዳያስነሳ ቁልፉን ነጥቄ ያዝኩበት። «አባባ፣ እንዳልነግርዎት አስምሎኛል» አለኝ። «እንግዲያው መሐላህን ይዘህ በእግርህ ሂድ» አልኩት። ነገረኝ።

የምትሠራበትን ጋራዥ ለቀሃል አሉ። የመጋዘን በር ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ አሉ። የጌታህ መኪና እንኳ አልነሳ ብሎ ክዳኑን ከፍተው ሲጠሩህ እጅህን ኪስህ ከትተህ «እኔ ሞተር አልነካም፣ ሰው እገድላለሁ» አልክ አሉ።

ይኸ ምን ማለት ነው? አንተ ብሎን በኪስህ ሳትይዝ የማትተኛ ልጅ አልነበርክም? ስምህንስ ያገኘኸው ከየት ነው? እናትህ ልብስህን ባጠበች ቁጥር ብሎን ትለቅም ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመትህ የአሮጊቷን ካርቡራተር ፈተህ ገጥመህ አንድ ዕቃ ተርፎህ ሳለ መኪናዋ ከበፊቱ ይልቅ ደህና ሄደች። ያን ቀን ለሰው ሁሉ አወራሁ። ለአንተ ግን አላወራሁም፤ እንዳትኮራ ብዬ።

ወንድ ልጅ ሐዘን አለ ብሎ ሥራውን አይጥልም! ነገ ተመልሰህ ግባ። ይህ ትእዛዝ ነው።

የላይኛውን ከጻፍኩ በኋላ ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ አሳደርኩት። ትእዛዝ ያልኩት ደስ አላለኝም። ግን ወረቀት እንዳላባክን ብዬ አልቀደድኩትም። እንዲሁ ላክሁልህ።

አባትህ


የካቲት 6 ቀን

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ስለዚህ ዛሬ ሰላምታ የለም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አሮጊቷን ያቆማት ያንተ ጠርሙስ አይደለም። እኔ ነኝ።

በሐምሌ ጠርሙሷ ስትመጣ አብራት የመጣችውን ደብዳቤ እናትህ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «አባዬ፣ ይህ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። ቀለበቷ አርጅታለች፤ ለሁለት ወር ያህል ትይዝልሃለች። እስከዚያው ግን ካርቶኑን አትመን። ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ እያወጣህ እይ፣ ከጎደለ ጨምር። መስከረም ላይ መጥቼ አዲስ ቀለበት አስገባላታለሁ» ትላለህ። እናትህ ዘንጉ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ደግማ አነበበችው። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አልኩ። ስቄ ነው ያልኩት። ዘንጉን አንድም ቀን አላወጣሁም።

ጠርሙስህ ሥራዋን ሠራች። በሳምንቱ ጠብታው አነሰ። ባነሰ ቁጥር እኔም የምጨምረውን ዘይት አሳነስኩ። ለካ ቆማ አታንጠባጥብም እንጂ ስትሄድና ስትግል በሌላ በኩል ታፈስ ነበር፤ ሞተሩም ካረጀ ጀምሮ የሚያቃጥለው ዘይት አለ። መንገድ ላይ የቀረውን ካርቶን ከየት ያየዋል? አንድ ቀን ጠዋት ካርቶኑን ሳወጣው ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። ልክ ከሱቅ እንደመጣ። ግቢው መሃል ቆሜ እንደ ልጅ ጮህኩ። «ድናለች! ጣውንትሽ ድናለች!» እያልኩ ወደ ቤት ገባሁ። ያኔውኑ ብዕርሽን አምጪ አልኳት።

እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች። መኪናዋ ድናለች። ፈቃድህን አታባክን። «እናትህም ተሽሏታል» ስል ብዕሯ ቆመ።

«ይህንን ልጻፈው?» አለችኝ።

«ምነው? አልተሻለሽም እንዴ? ካቃሰትሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ደስታዬ ፊቴ ላይ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈችው። «እናቴ ለምን እንዲህ ጻፈች?» ላልከው መልሱ ይኸው። እኔ ስላስጻፍኳት ነው።

ያለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ «ግቢ» ብላት እምቢ አለች። «አባባ፣ ይህን ሳልነግርዎት ብሞት ነፍሴ አትማርም» አለች። እናትህ ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ እሷ ቤት ትሄድ ነበር። በሩን ትዘጋና «ማሽኑን አስነሺልኝ» ትላታለች። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ሳይኖርበት ባዶውን ማሽን በእግሯ ትነዳዋለች። እናትህ በዚያ ጩኸት ውስጥ ታቃስታለች። ሲወጣላት ፊቷን ታጥባ ወደ እኔ ትመጣለች። አንድ ቀን «ለምን አይነግሯቸውም?» ብትላት «ደስ ብሎታል፤ ዘንድሮ ደስ ያለው በዚህ ብቻ ነው» አለቻት። እኔ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጬ «ዛሬማ ልብስ ሰፊዋ ገበያ ቀናት» እል ነበር።

ባረፈችበት ዕለት ጠዋትም ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ፊቷ ግን ጥሩ አልነበረም። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። የዘይቷ ቀይ መብራት አልበራችም፤ ከስድስት ዓመት በፊት ያለ ነገር ትበራለች ብዬ አምፖሏን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሦስቴ ደበደበ፣ ተነካከሰ፣ ቀጥ አለ። እናትህ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ነበር። ዐይኗን ሳትገልጥ ሳቅ አለች። «ጣውንቴ ቀደመችኝ» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። የጭነት መኪና ደርሶ እስኪያነሳን እጇን ይዣት ነበር። መቼ እንደሄደች አላውቅም። ዝም ስላለች ተኝታለች ብዬ ነው።

የጋራዡ ሰውዬ የማፍሰሻውን ብሎን ሲፈታ የወጣው ዘይት አንድ ስኒ አይሞላም። «አባባ፣ የሌለ ነገር ምኑ ይንጠባጠባል?» አለኝ። ቀለበቷንም አውጥቶ አሳየኝ። ለስልሳ ጥብቅ ብላ ይዛለች። ጠርሙስህ ቃሏን አክብራለች ልጄ። ይህን በጥቅምት አውቅ ነበር። በኅዳር መድኃኒትህ ጥሩ አልነበረችም ብዬ ስጽፍልህም አውቅ ነበር። አንተ ሩቅ ነህ፣ ትችለዋለህ፣ እኔ ግን ከዚያች መኪና ጋር አንድ ግቢ ነው የማድረው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሁለተኛ አልጽፈውም ያልኩህን ቃል ጽፌዋለሁ፦ ይቅርታ። ሆሄው አልበዛም። ዋሽቼህ ነው።

እጅህን ወደ ሞተር መልስ። እኔን ጥላኝ፣ ሥራህን ግን አትጥላ። እናትህ ብሎኑን ስትለቅም የኖረችው የመጋዘን በር እንድትዘጋ ብላ አይደለም።

አባትህ


ሚያዝያ 21 ቀን

ለልጄ ለብሎኔ፣

ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ሁለት ወር አለፈ፤ ምንም አልጻፍክም። በመጀመሪያው ሳምንት «እንግዲህ ልጄ በርዶለታል ማለት ነው» አልኩ። ይህን ያልኩት ቡና ማፍያውን ይዤ ነበር፤ እዚያው ቁጭ አልኩ። ዝም ያለው ሁሉ ድኗል የሚል ሽማግሌ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ጡሩንባው በመጣ ቁጥር በሩ ላይ እጠብቀው ነበር። ከሩቅ ራሱን ሲነቀንቅ እያየሁ እመለሳለሁ።

ትናንት ግን መለከቱን ሳይነፋ መጣ። ወርዶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ጥቅሉን ፈታሁት። ደብዳቤ ፈለግሁ፤ የለም። ወረቀቱን ገልብጬ፣ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ያለው ቀለበቷ ናት። አዲሷ የጎማ ቀለበት፣ ገና ከነሽፋኗ። ከእሷ ጋር የተገዛችበት ደረሰኝ አለ፤ ነሐሴ 20 ይላል። ደግሞ የአውቶቡስ ትኬት። መስከረም 3፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መስኮት አጠገብ። ጫፉ አልተቀደደም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የደጋገምኩት መጀመሪያ በደንብ ያላነበብኩት መስሎኝ ነው። በመስከረም 3 እናትህ ትሄድ ነበር፣ ትስቅ ነበር። ቀለበቷን ይዘህ ልትመጣ ተዘጋጅተህ ሳለ ነው «አትምጣ» ያልኩህ። በእሷ እጅ።

ቀለበቷን የላክሃት ለወቀሳ ይሁን ለምሕረት አላወቅሁም። ልብስ ሰፊዋን ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ? ምን ማለቱ እንደሆነ እሱን ይጠይቁት» አለችኝና አለቀሰች። ጡሩንባውን ጠየቅሁት። «ምንም አላለኝም አባባ፤ ስጥልኝ ብቻ ነው ያለኝ» አለ። ሊሄድ መሪውን ይዞ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ግን ጥቅሉን ሲሰጠኝ እንዳያቆሽሸው በጨርቅ ይዞት ነበር። እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው» አለኝ።

አንተ ምንም ሳትጽፍልኝ ይህን ሰማሁ። ሌላ ነገር ባልሰማም ይበቃኝ ነበር።

ሞተሩ ተነካክሶ ሞቷል። ቀለበት አያስነሳውም፤ እኔም አንተም እናውቃለን። ያም ሆኖ ማታ ማታ ካርቶኑን ከሥሯ ማስገባት አልተውኩም። እጄ ለምዶ ነው። ጠዋት አወጣዋለሁ፣ ደረቅ ነው፣ መልሼ ግድግዳው ላይ አስደግፈዋለሁ። ደረጃው ላይ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።

የሰፈሩ ሰው «ጀግና ሽማግሌ፣ ሚስቱን ቀብሮ አንዲት እንባ አላወጣም» ይለኛል። ለአንተም በየደብዳቤው ድንጋይ ነኝ ስልህ ከረምኩ። ዐይኔ እውነትም ደረቅ ነው ልጄ። ለምን ደረቅ እንደሆነ ለሰፈሩ ማስረዳት አልችልም። አንተ ግን የሞተር ሰው ነህ፤ ደረቅ ካርቶን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ቀድመህ ታውቅ ነበር።

ትኬቱን አስቀምጬልሃለሁ፤ ዛሬ የሚቀበለው የለም እንጂ። ሹራቧ እዚያው በሩ ኋላ ነው። አልጋህን አናፍሼዋለሁ።

ከዚህ በፊት ያስጻፍኩትንም የጻፍኩትንም አትቀበለው። ድኛለሁ አልልህም። ና።

አባትህ